ካራቫንን ለክረምት መሸፈን፦ ላስቲኩ ጣሪያ ይሁን እንጂ ልብስ አይሁን

ጥያቄው ከጎንደር፣ ከማራኪ ሰፈር የመጣ ሲሆን ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው ርዝመቱ 5 ሜትር የሚሆን፣ አውሮፓ የተሠራ፣ አልጋና ትንሽ ማብሰያ ያለው ተጎታች ካራቫን ሥራውን አጠናቆ ከወጣ አንድ ድርጅት በጨረታ ገዝተዋል። በበጋው ወራት እንግዶችን ይዘው ወደ ደባርቅና ወደ ጎርጎራ ሲመላለሱበት ከርመው፣ ከሰኔ መግቢያ እስከ መስከረም መጨረሻ በግቢያቸው ሊያቆሙት ነው። ከገበያ ሰማያዊ ላስቲክ ሸራ ገዝተዋል፤ ሐሳባቸውም ካራቫኑን ከአናቱ እስከ ጎማው ጠቅልለው፣ በገመድ ጠፍረው፣ ክረምቱን ሳይነኩት ማሳለፍ ነው። አንድ ወዳጃቸው ግን ከውጭ አገር የሚመጣው የካራቫን ልብስ ካልሆነ በቀር ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም እንደሆነ ነግረዋቸዋል። የትኛው ልክ ነው? ሳይከፈትስ ምን ያህል ጊዜ ሊቆይ ይችላል?

መልሱን አስቀድሜ ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። ባሰቡት መንገድ አይጠቅልሉት። ማሸጊያዎቹ ጤነኛ የሆኑ ካራቫን ያለምንም ሽፋን ዝናብ ላይ ቢቆም እንኳ፣ አራት ወር በላስቲክ ታፍኖ ከሚቆየው ያነሰ ይጎዳል። ይሁን እንጂ የገዙት ሸራ የሚጣል አይደለም፤ ከካራቫኑ ገላ ከፍ ብሎ እንደ ጣሪያ ከተዘረጋ ክረምቱን በሚገባ ያሻግርልዎታል። ወዳጅዎ ያወሱት ልብስም ጥሩ ነገር ነው፤ ለሐምሌና ለነሐሴ ዝናባችን ግን ያለ ጣሪያ ብቻውን ይበቃል ብዬ አልመክርም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አንብቤ አይደለም። በአዘዞ መንገድ የባትላሜራና የሸራ ስፌት ሥራ ከያዝኩ 22 ዓመት አልፎኛል፤ ከ14 ዓመት በፊትም እርስዎ ያሰቡትን በትክክል በገዛ እጄ አድርጌዋለሁ። አንድ ደንበኛ ግድግዳው በእንጨት አጥንትና በኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ ከውጭ በስስ አሉሚኒየም የለበሰ ተጎታች አምጥተው “ክረምቱን አስቀምጥልኝ” አሉኝ። በሰኔ የመጀመሪያው ሳምንት አጥቤ፣ ላዩ እንደደረቀ ውስጡን ሳላናፍስ፣ በሰማያዊ ላስቲክ ጥቅልል አድርጌ በናይሎን ገመድ አሰርኩት። ከመስቀል በኋላ ስንፈታው የላስቲኩ የውስጥ ገጽ ከዳር እስከ ዳር ላብ አውጥቶ ነበር፤ በጣቴ ስነካው ጠብታው እየተያያዘ ወደ ክንዴ ወረደ። ፍራሹን ስገለብጠው ከሥር በኩል ጥቁር ነጠብጣብ ወርሶታል። ከመስኮቱ ሥር ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣቴ ብጫነው እንደ ራሰ ዳቦ ሰመጠ፤ ጣቴን ሳነሳም ጉድጓዱ እንደነበረ ቀረ። ከውጭ ደግሞ አራቱም ማዕዘኖች ላይ፣ ገመዱና ላስቲኩ ክረምቱን ሙሉ ሲላተሙበት በከረሙበት ቦታ፣ ቀለሙ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ተልጦ እርቃኑን አሉሚኒየም ወጥቶ ነበር። ያን ሁሉ ጥፋት ዝናብ አላደረሰውም። በላስቲኩ ውስጥ አንዲት ጠብታ ዝናብ አልገባችም፤ ጥፋቱን ያደረሰው የእኔ አሸፋፈን ነው። ግድግዳውን ፈትቼ በራሴ ወጪ ሠርቼ መለስኩላቸው፤ ከዚያ ወዲህም ማንንም ደንበኛ በላስቲክ እንዲጠቀልል ፈቅጄ አላውቅም።

ምክንያቱን ቤታችን ውስጥ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከምጣድ የወጣ ትኩስ እንጀራ ወዲያው በላስቲክ ከታሸገ ያልባል፣ ይጣበቃል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀንም ሻጋታ ይጀምረዋል፤ ሞሶብ ውስጥ የገባው ግን ተኑን በስፌቱ በኩል እያስወጣ ይበርዳል። ካራቫንም እንዲሁ ነው። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው በላስቲኩና በገላው መካከል ያለው አየር ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ብዙ የውኃ ተን ይሸከማል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ25 ዲግሪ እስከ 23 ግራም የሚደርስ ተን ሊይዝ ሲችል፣ በ10 ዲግሪ ግን መያዝ የሚችለው ከ9 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ እንደመሆኗ ቀኑ ሞቅ ብሎ ውሎ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ መሸከም ያቃተው ትርፍ ተን ቀዝቃዛውን ላስቲክና ቀዝቃዛውን አሉሚኒየም አግኝቶ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ጠብታው መውጫ ስለሌለው ማለዳ እንደገና ይተናል፣ ማታ እንደገና ይወርዳል። ይህ ዑደት ከሰኔ እስከ መስከረም ከ100 ጊዜ በላይ ይመላለሳል። የአንጻራዊ እርጥበቱ መጠን ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ሲሰነብት በእንጨት፣ በጨርቅና በስፖንጅ ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ በላስቲክ ጥቅል ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ከዚያ በታች የሚሆንበት ሰዓት ጥቂት ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመሬቱን እርጥበት ነው። ላስቲኩ እስከ ጎማ ሲወርድ ከሥር ያለውን አፈር አብሮ ያቅፋል። በተለይ ግቢዎ ዋልካ ከሆነ፣ አፈሩ ክረምቱን ሙሉ ውኃ እንደጠጣ ስለሚቆይ ከታች ያለማቋረጥ ተን ይልካል፤ ያ ተን በሻንሲውና በወለሉ ኮምፔንሳቶ በኩል ያልፋል። በዚህ የተነሳ ከላይ ፍጹም ደረቅ ሆነው ከሥር የበሰበሱ ወለሎችን ብዙ ጊዜ ቀይሬያለሁ። ስለዚህ ካራቫኑን ከማቆምዎ በፊት ቦታውን ገረጋንቲ አልብሰው ይደልድሉት፤ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ለጎማው መስመጥም መፍትሔ ይሆናል። ዙሪያውን የአንድ አካፋ ስፋት ያላት የውኃ መውረጃ ቢቆፍሩ ደግሞ ከጎረቤት የሚመጣው ጎርፍ ሥሩ አይተኛም።

ዝናቡን ብቻ ማየት ግን አይበቃም፤ ፀሐያችንም ከባድ ነች። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጎጂው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ በጎንደር ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የበረታ ጨረር ይወርዳል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ ፀሐይ በቀትር ልክ በአናታችን ላይ ትቆማለች። ነሐሴ ላይ ደመናው ሲገለጥ የምትወጣዋ ፀሐይ ቆዳ የምትልጠው በከንቱ አይደለም። የጎማ ጠርዝ፣ የመስኮት ማሸጊያና የጣሪያ ቀለም የሚሰነጠቁት በዚሁ ጨረር ነው፤ ሰማያዊውም ላስቲክ ራሱ ጨረሩን ብዙ አይቋቋምም። እንደ እኔ ልምድ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የዋለ ላስቲክ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ ብናኙም መስኮት መዝጊያው ውስጥ ገብቶ አይለቅም። በየዓመቱ ለመቀየር ከወዲሁ ቢያስቡ ይሻላል።

አሁን ወደ ሸራው ዓይነት ልለፍ። በገበያችን በቀላሉ የሚገኙት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው እርስዎ የገዙት፣ ከላስቲክ ክር ተሸምኖ በሁለቱም በኩል ላስቲክ የተቀባው ነው፤ ዋጋው ቅናሽ ነው፣ ውኃ አያስገባም፣ ተንም አያስወጣም። ሁለተኛው ለጭነት መኪና የሚሰፋው ወፍራም ባለ ቅብ ሸራ ነው። ይህኛው ለዓመታት ይቆያል፤ ነገር ግን ክብደቱ ብዙ ነው፣ እሱም አይተነፍስም፣ ከዚያም በላይ ለማለስለስ የተጨመረበት ቅባት በሙቀት እየወጣ ቀለም ላይና በፕላስቲክ መስኮት ላይ ይጣበቃል። የአውሮፓ ካራቫኖች መስኮት በአብዛኛው መስታወት ሳይሆን አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ፣ ይህ ሸራ ከመስኮቱ ጋር ተጣብቆ ከከረመ በኋላ የሚተወው ደመና የመሰለ እድፍ በማንኛውም ማጠቢያ አይለቅም። ሦስተኛው የጥጥ ሸራ ነው። የጥጥ ክር ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ሲያብጥ የሽመናው ቀዳዳ ይደፈናል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ ይከፈትና ተን ያስወጣል። ከሦስቱ ለካራቫን ገላ የሚስማማው ይኸኛው ነው። ጉድለቱ ክብደቱና፣ እርጥብ ሳለ ከታጠፈ ራሱ የሚሻግት መሆኑ ነው።

ወዳጅዎ የጠቀሱት ከውጭ የሚመጣው ልብስ በአብዛኛው ሳይሸመን እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅጥቆ ከተሠራ ፖሊፕሮፒሊን የተዘጋጀ፣ ብዙውን ጊዜ በጣሪያው በኩል ሦስትና ከዚያ በላይ ድርብ የሆነ ነው። ይተነፍሳል፣ ቀላል ነው፣ ለቀለም ይራራል፣ በጎንና በጎኑም የአየር መውጫ አለው። ይሁን እንጂ የተሠራው መካከለኛ ዝናብና በረዶ ላለበት አገር ነው፤ ለሳምንታት በየቀኑ የሚወርድ ዝናብ ሲያገኘው ውኃ ይጠጣል፣ ከጠጣም በኋላ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። ሐምሌ ላይ እነዚያን ቀናት ከየት እናመጣለን? ዘመድ ከውጭ የሚያመጣልዎት ከሆነ ይቀበሉ፤ ልኩን ሲነግሯቸው ግን የመጎተቻውን ዘንግ ሳይጨምሩ፣ ከፊተኛው ግድግዳ እስከ ኋላኛው መከላከያ ያለውን የገላውን ርዝመት ይስጡ። ዘንጉን ጨምረው የለኩ ሰዎች ልብሱ 1 ሜትር ተርፏቸው፣ የተረፈው ሲርገበገብ ቀለሙን ሲፍቅ አይቻለሁ። ያ ልብስ ከጣሪያው ሥር ከለበሰ አቧራውንና የወፍ ኩሱን ይከላከላል፤ ዝናቡን ግን ለጣሪያው ይተውለት።

እንግዲህ ጣሪያው እንዴት ይሠራ? ከሁሉ የተሻለው ባለ ቆርቆሮ መጠለያ ነው፤ ቦታና አቅም ካለዎት ከዚህ በታች ያለውን ትተው እሱን ያሠሩ። ከሌለዎት በአጣናና በያዙት ላስቲክ የሚሠራው ዳስ በቂ ነው። ስድስት ቋሚ አጣናዎችን፣ ሦስቱን በግራ ሦስቱን በቀኝ፣ ከካራቫኑ ገላ 40 ሴንቲ ሜትር አርቀው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ይትከሉ። መካከለኛውን አግዳሚ፣ ማለትም የዳሱን አናት፣ ከካራቫኑ ጣሪያ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ሁለቱ የጎን አግዳሚዎች ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበሉ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ60 ለሆነ ካራቫን አናቱ 3 ሜትር ከ40 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። በአናቱና በጎኖቹ መካከል ከግማሽ ሜትር ያላነሰ የቁልቁለት ልዩነት እንዲኖር በብርቱ እመክራለሁ፤ የሚሰስቱ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ላስቲኩ ላልቶ 2 ካሬ ሜትር በሚያህል ቦታ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ቢቋጥር 100 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ አንድ ኩንታል ካራቫንዎ ላይ ተንጠልጥሎ አደረ ማለት ነው። በረዶ የዘነበ ዕለት ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ለ5 ሜትር ካራቫን 4 በ7 ሜትር የሆነ ላስቲክ ይበቃል፤ ከኋላ ግማሽ ሜትር፣ ከፊት በዘንጉ በኩል 1 ሜትር እንዲያልፍ አድርገው ይዘርጉት። ላስቲኩ በሚያርፍበት አግዳሚ ሁሉ ላይ የአጣናውን ቅርንጫፍ ቁራጭ አለስልሰው ይላጡ፣ የተቆረጠ የላስቲክ ቱቦ ወይም አሮጌ ጨርቅም ይጠምጥሙበት፤ ሸራ የሚቀደደው ሁልጊዜ ከእንዲህ ዓይነቷ ጉጥ ጀምሮ ነው። ለማሰሪያ ናይሎን ገመድ ብቻውን አይጠቀሙ። ከጎሚስታ ቤት ያረጀ ካላማዳሪያ ይግዙና ሁለት ጣት ስፋት ባላቸው ጥብጣቦች ይቁረጡት፤ በላስቲኩ ቀለበትና በገመዱ መካከል ያስገቡት። ንፋስ ሲመጣ ካላማዳሪያው ይለጠጥና ይመለሳል፤ ገመድ ብቻውን ግን እንደ ካላማዳሪያ አይለጠጥም፣ ስለዚህ ቀለበቱን ነቅሎ ይወጣል። ገመዱን ከቋሚዎቹና መሬት ላይ ከተቀመጠ አሸዋ ከተሞላ ጆንያ ጋር ይሰሩት እንጂ ከካራቫኑ ጋር ፈጽሞ አያስሩት፤ ድንጋይም አያንጠልጥሉ፣ ሌሊት ሲወዛወዝ ገላውን ይመታዋል። ዝናቡ ከሚነዳበት ወገን አንድ ጎን መጋረጃ ማውረድ ይችላሉ፤ ከታች ግን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተዉለት። ሌሎቹ ጎኖች ሁሉ ክፍት ይሁኑ። ክፍት ማየት ያስጨንቃል፤ አውቃለሁ፣ ደንበኞቼም ሁሉ “እንዴት ገላው ሳይሸፈን?” ይሉኛል። ያ ክፍት ቦታ ግን የካራቫኑ መተንፈሻ ነው።

ዳሱን ለመትከል ቦታ ለሌለው፣ ለምሳሌ ተከራይቶ ለሚኖር ሰው፣ ያለኝ ምክር የጥጥ ሸራ በልኩ ማሰፋት ነው። ሰፊው በሁለቱም ጎኖች ከጣሪያው ጠርዝ በታች ሁለት ሁለት የአየር መውጫ እንዲተውና በየመውጫው ላይ እንደ ቆብ የወደቀ ክዳን እንዲሰፋበት ይንገሩት፤ ታችኛው ጫፍም ከሻንሲው በታች አይውረድ። ማዕዘኖቹን፣ የአንቴናውን እግርና የጣሪያውን መስኮት በአሮጌ ፎጣ ወይም በስፖንጅ ጠቅልለው ካስለሰለሱ በኋላ ያልብሱት። ጣሪያው ላይ ግን አይውጡ፤ በመሰላል ሆነው ከጎን ይሥሩ፣ የብዙ ካራቫኖች ጣሪያ የሰው ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም።

የመረጡት ሽፋን ምንም ይሁን ምን፣ ከመሸፈኑ በፊት ያለው ሥራ ከሽፋኑ አያንስም። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጸና፣ ካራቫኑን በለስላሳ ሳሙናና በብዙ ውኃ ይጠቡት። አቧራው ሳይታጠብ የተሸፈነ ቀለም በአሸዋ ወረቀት እንደተፈተገ ይሆናል። መስኮቱን በቤንዚን፣ በቲነር ወይም በአልኮል አያጽዱ፤ አክሪሊኩ ወዲያው ባይታወቅም ውስጥ ውስጡን የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ጣሪያው ጥቁር ወይም ነጭ ጎማ የለበሰ ከሆነም ከነዳጅ ወገን የሆነ ነገር አይንካው፣ ያብጣል። ከዚያ ማሸጊያዎቹን አንድ በአንድ ይመርምሩ፦ የጣሪያው መስኮት ዙሪያ፣ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበት የጠርዝ ሐዲድ፣ የመብራቶቹ ሥር። ቪቴዎቹ ላይ ዝገት ካዩ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ለመድፈን ሲነሱ በየሱቁ ያለውን ማንኛውንም ሲሊኮን አይግዙ፤ ሲወጣ እንደ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት አሲድ ስለሚለቅ አሉሚኒየሙንና ቪቴውን ይበላል። የማይሸተውን ዓይነት ይጠይቁ፤ ከተገኘም ቡቲል የሚባለው፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው ማሸጊያ ለሐዲዱ ሥር ከሁሉም ይሻላል። ከታጠበ በኋላ በሮቹንና መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተው ሁለት ሙሉ የፀሐይ ቀን ያናፍሱት። እኔ ያን ጊዜ የዘለልኩት ይህን ነበር።

ፍራሾቹን ቢችሉ ቤት ያስገቡ፤ ካልቻሉ በጎናቸው ያቁሟቸው፣ ግድግዳ ግን አያስነኳቸው። ቁም ሳጥኖቹንና የማቀዝቀዣውን በር ክፍት ይተዉ፤ እንዳይዘጋ ፎጣ ጣል ያድርጉበት። የውኃ ጋኑን ባዶ ያድርጉ፤ በጎንደር ውኃ ረግቶ ቧንቧ የሚሰነጥቅበት ብርድ ባይኖርም የተጠራቀመ ውኃ ይሸታል፣ ትንኝም ይፈለፍላል። ጨው በሳህን አስቀምጠው እርጥበት እንዲስብ የሚያደርጉ አሉ፤ ጨው ውኃ ስቦ ሲፈስ ብረት ስለሚበላ አልመክረውም። ከሰል ሽታ ይቀንሳል፤ እርጥበቱን ግን የሚያወጣልዎ አየር እንጂ ከሰል አይደለም።

ቀሪዎቹን ነገሮች ባጭሩ ላንሳ። የቡታ ጋዙን ሲሊንደር ዘግተው፣ ፈትተው ከካራቫኑ ያውጡ፤ ይህ ጋዝ ከአየር የከበደ በመሆኑ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። በዚሁ ምክንያት ወለሉ ላይ የጋዝ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ፤ አይጥ እንዳይገባ ብለው አይድፈኗቸው፣ በወንፊት ሽቦ ብቻ ይሸፍኗቸው። የኤሌክትሪክ ሽቦና ቧንቧ የሚያልፉባቸውን ሌሎች ክፍተቶች ግን በድስት ማጠቢያ ሽቦ አጥብቀው ይወትፉ። ባትሪውን መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፈትተው ያውጡትና በወር አንድ ጊዜ ቻርጅ ያድርጉት፤ ተራው ባለ አሲድ ባትሪ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠ ቁጥር በወር 5 በመቶ ገደማ ያጣል፣ ልኬቱም ከ12.4 ቮልት በታች ሲወርድ ማቆየት አይገባም። የእጅ ፍሬኑን ይዘው አይተዉት፣ በእርጥበት የፍሬኑ ሸራ ከፍሬኑ ከበሮ ጋር ይጣበቃል፤ ጎማዎቹን በታኮ ያግዱ። ጎማው ሳንቃ ላይ ይቁም፣ ነፋሱም ይሞላ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ጆንያ ይልበስ። በጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች ታገኛላችሁ፤ 2319 የሚል ከሆነ በፈረንጆቹ 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የጨረታ ዕቃ ብዙ ጊዜ ቆሞ የኖረ በመሆኑ ይህን ቁጥር ሳያዩ በመጪው ጥቅምት ወደ ሊማሊሞ አቀበት አይሂዱ፤ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ለእንግዳ የሚታመን አይደለም።

በአራቱ ማዕዘን ያሉትን እግሮች ካራቫኑ እንዳይወዛወዝ ያህል ያውርዷቸው እንጂ እንደ ክሪክ አያንሱበት፣ ሻንሲውን ያጣምማሉ። የፊቱን ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ ጣሪያው ላይ የወረደ ጤዛ ወደ ኋላ ይፈስሳል።

ሳይከፈት ስንት ጊዜ ይቆያል ለሚለው ጥያቄዎ፣ ከሁለት ሳምንት አይለፍ። ሐምሌና ነሐሴም ቢሆን ጠዋት ብራ የሚሆንባቸው ቀናት አሉ፤ በእንዲህ ዓይነት ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት በሩንና መስኮቶቹን ይክፈቱ፣ ደመናው ሳይሰበሰብ ይዝጉ። በገቡ ቁጥር ከመስኮቶቹ ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባና ከአልጋው ሥር ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣትዎ ይጫኑ፣ በአፍንጫዎም ያሽትቱ፤ ሻጋታ ከዓይን በፊት ለአፍንጫ ይታወቃል። ለስለስ ያለ ቦታ ካገኙ ክረምቱ እስኪያልፍ አይጠብቁ፣ ያንን ዕለት ባለሙያ ይጥሩ፤ በሐምሌ አንድ ክንድ የሆነ ብስባሽ በመስከረም ሙሉ ግድግዳ ይሆናል።

ከመስቀል በኋላ ዳሱን ሲያፈርሱ ላስቲኩን ወይም ሸራውን በሁለቱም ገጹ ፀሐይ አሳይተው፣ ስፌቱና እጥፋቱ ጭምር መድረቁን በእጅዎ ዳስሰው ካረጋገጡ በኋላ ይጠቅልሉት፤ መሬት ላይ ሳይሆን ቆጥ ላይ ያኑሩት፣ አይጥ ጎጆ እንዳይሠራበት። አጣናዎቹን ግን አይንቀሏቸው፤ ለመጪው ሰኔ እዚያው ይጠብቁዎታል።